ተሸናፊ ይጽፋል፣ አሸናፊ ይፈርማል

ጠብታንና ምሰሶን ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ጠብታን የምሰሶ የቀትር ጥላ ናት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም ነበር። ምሰሶ በር ባለፈች ቁጥር አንገቷን የምትሰብር፣ በሣቀች ቁጥር የመስኮት መስታወት የምታንቀጠቅጥ፣ ሐሳቧ ገና ሳይበስል ከአፏ የሚወጣ ሴት ነበረች። ጠብታ ደግሞ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሮቿ ወለሉን የማይነኩ፣ አንዲት ቃል ከመናገሯ በፊት ሦስት ጊዜ በሆዷ የምትመዝን፣ ዝምታዋንም ሰው ኩራት እያለ የሚተረጉምባት ነበረች። ስማቸውን ያወጣላቸው የተማሪ አፍ ነው፤ የተማሪ አፍ ያወጣው ስም ደግሞ እናት ካወጣችው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በወጣትነታቸው ምሰሶ የእርሻ ኮሌጅ፣ ጠብታ የሳይንስ ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበሎች ነበሩ። ኋላ አንዷ የእንስሳት ሐኪም ሆና ክንዷን እስከ ብብቷ ላም ውስጥ ስትከት ኖረች፤ ሌላዋ ፋርማሲስት ሆና ክኒን ስትቆጥር ጡረታ ወጣች። የሚኖሩት በአንድ ከተማ ነው፤ ሆኖም አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። ምክንያቱን የምታውቀው ጠብታ ብቻ ነበረች፤ ወይም እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲው ኮሌጆቹ በየዓመቱ ለዋንጫ እርስ በርስ ይጋጠሙ ነበር፤ የሴቶች መረብ ኳስ ዋንጫ የተጀመረ ዓመት የመጀመሪያው ፍጻሜ እርሻንና ሳይንስን አገናኘ። አራቱ ዙሮች ሁለት ለሁለት አለቁ። በአምስተኛው ሳይንሶች ዐሥራ አራት፣ እርሻዎች ዐሥራ ሦስት እንደሆኑ ምሰሶ ከመረቡ በላይ ተነሥታ መታች። ኳሱ ከመስመሩ ክንድ ያህል ርቆ ወደቀ፤ ዳኛው ውጭ ነው ብሎ ፊሽካውን ነፋ፤ ሳይንሶች አሸነፉ። ነገር ግን ኳሱ ሲያልፍ የጠብታን የመሐል ጣት ጫፍ ልሶ ነበር። ዳኛው አላየም፤ ጣቷ ግን ያውቃል። ነካሁ ብትል ኖሮ ኳሱ ለእርሻዎች ይመለሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ በዚያን ቀን ደግሞ የምሰሶን ክንድ የሚችል አልነበረም። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ጓደኞቿ ግን አንሥተው ወደ ሰማይ ወርውረዋት ነበር፤ ወደ ሰማይ የተወረወረ ሰው ደግሞ እውነት መናገር ይከብደዋል።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጣትና ኅሊና ብቻቸውን በተሟገቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ሌላ ቦታ ያልታየ አንድ ልማድ ነበረው። ከዚያ በፊት የሕግና የኢንጂነሪንግ ኮሌጆች አንዱን የእግር ኳስ ግጥሚያ ሁለቱም አሸነፍን ብለው በየግድግዳቸው በመለጠፋቸው ድንጋይ እስከ መወራወር ደርሰው ኖሯል። ያን ጊዜ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና፣ «አሸናፊ ሲጽፍ ይዋሻል፤ ተሸናፊ ሲጽፍ ያለቅሳል። እኔ ከውሸት ለቅሶ ይሻለኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ የግጥሚያውን ታሪክ የሚጽፈው የተሸናፊው ቡድን አምበል ሆነ፤ አሸናፊው አምበል አንብቦ ከሥሩ ይፈርማል፤ ካላመነበት አይፈርምም።

እንግዲህ በማግስቱ ምሰሶ ጻፈች። ጠብታም ተጠርታ መዝገቡ ተገልጦ ተሰጣት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ፊሽካው ሲነፋ ምሰሶ ከመረቡ ማዶ አፍጥጣ ስታያት እንደነበር ታስታውሳለች፤ ጣቷን አይታ ከሆነ ጽፋዋለች፤ ከጻፈችው ደግሞ እውነቷን ነው። ጠብታ አንድም መስመር ሳታነብ፣ ዓይኗን ጨፍና ፈረመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ ውስጥ ረጅም ሴት ባየች ቁጥር መንገድ የምትሻገር ሰው ሆነች።

ዘንድሮ ስልኳ ጮኸ። የደወለው የታሪክ መምህር ነበር፤ የኮሌጆቹን ቡድኖች ታሪክ በመጽሐፍ የሚያዘጋጅ ትሑት ሰው።

«እትዬ፣ መዝገቡን አገኘሁት።»

«የቱን መዝገብ?» አለች፤ የቱ እንደሆነ ግን ታውቃለች።

«ጥቁሩን ነዋ። ከኳስ ማስቀመጫው ክፍል፣ ከተቀደዱ መረቦች ሥር። የእርስዎም ግጥሚያ ሙሉ ገጽ ተጽፎበታል፤ ፎቶው እንዳለ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። በመጽሐፉ ምረቃ ቀን ደግሞ ዋንጫውን ለዘንድሮ አሸናፊዎች የሚሰጡልን እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አልችልም፣ ልጄ።»

«ምነው?»

«ወገቤን ያመኛል።»

«ዋንጫው እኮ ቀላል ነው።»

ይህን የሰማ ቤተሰብ አኮረፈ። የልጅ ልጇ በትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ መረብ ኳስ የምትጫወት፣ «የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን የልጅ ልጅ ነኝ» እያለች ግማሹን ከተማ ያደነቆረች ልጅ ናትና ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም። ጡረታ የወጣው ቀያሽ ባሏ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ስንት ገደል ለክቻለሁ፤ ያንቺን ሆድ ግን መጨረሻውን አላገኘሁትም» ብሎ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ጠብታ ሦስት ሌሊት ሐሳቧን ስትመዝን አደረችና፣ ገጹ ታትሞ የልጅ ልጇ እጅ ከመግባቱ በፊት ራሷ ሄዳ ሁሉን ተናግራ ስሟን ልታስወጣ ቆረጠች። ረቡዕ ጠዋት፣ መምህሩ የድሮ ፎቶ እንድትለይለት በጠራት ቀን፣ ደህናውን ጫማዋን አድርጋ አውቶቡስ ያዘች።

የመምህሩ ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ ከምድር በታች ነበር። አንዲቷ መስኮት ከጣሪያው ጥግ ላይ ስለሆነች በእሷ በኩል የሚታየው የተላላፊ ተማሪ እግር ብቻ ነው። ጠረጴዛው በፎቶ ፖስታዎች ተሞልቷል። ጠብታ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ከፖስታዎቹ ማዶ፣ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ የቆመ ነጭ ጸጉር ያላት አንዲት ሴት ተቀምጣ አየች። ወደ ኋላ ልትል ነበር፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

«መጣችላችሁ!» አለች ምሰሶ። «ያው ናት እኮ፤ ግራም አልጨመረችም።»

«የፎቶውን ሰዎች እንድትለዩልኝ ነው ሁለታችሁንም የጠራሁት» አለ መምህሩ ወንበር እየሳበ። ከዚያም ነገሩን ለማለሳለስ ይሁን መዝገቡን ወድዶት፣ ገጾቹን እየገለበጠ ያሳያቸው ጀመር። የሕግ ኮሌጅ ስድስት ለባዶ ተሸንፎ ሦስት ገጽ ይግባኝ ጽፏል። ኢንጂነሪንግ የገባበትን ግብ ማዕዘኑን ለክቶ በሥዕል አስደግፎ አስረድቷል፤ ግቡ መግባት እንዳልነበረበትም በስሌት አረጋግጧል።

«ይኼ የሕክምና ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ነው» አለ ወደ አንድ ገጽ እያመለከተ። «ምን እንደሚል እስካሁን ያነበበው ሰው የለም።»

ጠብታ ሳታስበው ጎንበስ አለችና አነበበችው። «‹ተሸነፍን፤ ጫማችን ያንሸራትት ነበር› ነው የሚለው።» የሐኪም ጽሑፍ የዕድሜ ልክ እንጀራዋ ነበር።

ምሰሶ ሣቀች፤ መስኮቷ ተንቀጠቀጠች። መምህሩ ሌላ ገጽ ገለጠና፣ «ይኸው የእናንተ» አለ።

ያቺው የተጣደፈች እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሯም የራሷ የጠብታ ፊርማ፣ ገና የተማሪ ፊርማ ሳለ።

«ከማንበብህ በፊት» አለች ጠብታ፤ ድምፅዋ ለራሷ ባዕድ ሆነባት። «ስሜ ከመጽሐፉ ይውጣልኝ። ዋንጫውን ያገኘነው በሐቅ አይደለም። የመጨረሻው ኳስ ጣቴን ነክቶኛል። ይችን። ዳኛው አላየም፣ እኔም አልተናገርኩም። እሷ ጽፋዋለች፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።»

በመስኮቷ በኩል አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ቆሞ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ሄደ።

ምሰሶ ጠብታን ትክ ብላ አየቻት። «ነክቶሽ ነበር?»

«ነክቶኛል።»

«እና ምን ይጠበስ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አላነበብሽውም እንዴ?» አለች ምሰሶ በቀስታ፤ በሕይወቷ ቀስ ብላ ስትናገር ምናልባት የመጀመሪያዋ ነበር። «አንተ ልጅ፣ አንብብላት።»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«‹ተሸነፍን፤ ሳይንስ ሦስት፣ እርሻ ሁለት። የመጨረሻውን ኳስ ልመታ ስነሣ ክርኔ መረቡን ነካ። ዳኛው አላየም፤ እኔ ግን ቆዳዬ ተልጧል። መረብ ከተነካ በኋላ ኳሱ ውጭ ይውደቅ፣ ውስጥ ይውደቅ፣ ሰው ይንካ አይንካ፣ ነጥቡ የሳይንሶች ነው። ጓደኞቼ አምበላቸው ነክታዋለች ብለው ሊከሱ ተነሥተው ነበር፤ ተዉ አልኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አፍሬ አልነገርኳቸውም። ለዚህ መዝገብ እነግራለሁ። አሸናፊዋ ይህን አንብባ መጥታ ብትጨብጠኝ ደስ ይለኛል።›»

ጠብታ አገጯን በመዳፏ ያዘች። መጀመሪያ የመጣው ሣቅ ይሁን ዕንባ እሷም አልለየችውም። ትንፋሿ ከሆዷ ሥር፣ ከዚያች የድሮ ሜዳ አቧራ ውስጥ የወጣ ያህል ረዝሞ ወጣ፤ ትከሻዋም ወረደ። ያ ሁሉ የተሻገረችው መንገድ ትዝ አላት።

«ሰባት ቀን ሙሉ ቤተ ሙከራችሁ በር ላይ ቆሜ ጠብቄሻለሁ» አለች ምሰሶ።

«በጓሮ በር ነበር የምወጣው።»

«ኩራተኛ ናት፣ መረብ ነካሽ ሴት አልጨብጥም ብላ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ገበያ ውስጥ ስታይኝ መንገድ ስትሻገሪ፣ በቃ አልኩ፣ እስካሁን አልማረችኝም።»

«እኔ እኮ ከአንቺ መሸሼ ነው።»

«ከእኔ? ዕድሜሽን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ ስታነቢ ኖረሽ፣ የእኔን አንድ ገጽ አቃተሽ?» አለችና ያን ላም ያዋለደ መዳፏን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «በይ አሁን ጨብጪኝ፤ ክንዴ ደከመኝ።»

ጠብታ በዚያችው እጇ፣ ከነጣቷ ጨበጠቻት። መምህሩ እስኪሪብቶውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሁለቱን ሲመለከት ቆየና፣ «ታዲያ፣ እትዬ፣ ስምዎን ላውጣው ወይስ ይቆይ?» አለ።

«ይቆይ» አለች ጠብታ። «ባዶ ወረቀት ብቻ ስጠኝ።»

እሑድ ምሳ ላይ ቤተሰቡ ሙሉ ነበር፤ ቀያሹ ከጠረጴዛው ራስ፣ ልጃቸው ከጎኑ፣ የልጅ ልጇም ኩርፊያዋን ገና ሳትጨርስ ከጥግ። ጠብታ ማንኪያዋን አስቀምጣ ታሪኩን ከጣቷ ጀምራ እስከ ምሰሶ ክርን ድረስ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እንዲህ ረጅም ወሬ ስታወራ ሰምተዋት ስለማያውቁ ማንም አላቋረጣትም።

የልጅ ልጇ ኩርፊያዋን ረስታ ቀድማ ፈረደች። «መረብ ከነካችማ አለቀ። ኳሱ ሞቷል፤ ሬሳ ነው የነካሽው።»

«ቆይ እስቲ» አለ ቀያሹ። «ለዚህ ነው ገበያ ውስጥ ጎትተሽ መንገድ የምታሻግሪኝ? እኔ እኮ ጥላ ፍለጋ ይመስለኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

«አንድ ገጽ ብታነቢ ኖሮ» አለ ቀያሹ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ስንት ጫማ ተርፎልኝ ነበር።»

ልጃቸው ሣቋን በእጇ ሸፈነች። ጠብታ ሣቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«አሁን ስሙኝ። በምረቃው ቀን ዋንጫውን እሰጣለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለም። ሁለት እጀታ አለው፤ አንዱን ምሰሶ ትይዛለች። ከመስጠታችን በፊት እሷ የክርኗን፣ እኔ የጣቴን በሰው ሁሉ ፊት እንናገራለን። ከገጿም ሥር የእኔ ሦስት መስመር ታትሞ ይገባል፤ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ምሰሶ ፈርማበታለች። እሷ አንብባ ነው የፈረመችው። ሁላችሁም ትመጣላችሁ።»

«ወገብሽስ?» አለ ቀያሹ።

«ተሽሎታል።»

የልጅ ልጇ አንድ ነገር ስታሰላ ቆይታ፣ አንድ እጇን ከራሷ በላይ፣ ሌላውን ከወገቧ አካባቢ አድርጋ አሳየቻቸው። «አያቴ፣ እሷ እዚህ፣ አንቺ እዚህ። ዋንጫው እኮ ያዘነብላል።»

«ያዘንብል» አለች ጠብታ ማንኪያዋን እያነሣች፤ «ውኃ የለበትም።»