«ትራስ» ያሏት መምህርት

በትምህርት ቤቱ «ትራስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የሒሳብ አስተማሪው ነው፤ ያልተደገፈባትና ያላለቀሰባት መምህር የለም ብሎ። እሷም ትስቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ስታስተምር ኖራ፣ ርዕሰ መምህሩ የመምህራኑንም ደኅንነት እንድትከታተል ሲደርብባት እምቢ አላለችም። በምሳ ሰዓት አንዷ የትዳሯን፣ አንዱ የክፍሉን ጣጣ ይዞ ይመጣና የሆዱን ዘርግፎላት ይሄዳል። አንቺስ እንዴት ነሽ ያላት ግን አልነበረም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤትም የሚጠብቃት ሰው የለም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ፊደል እያስቆጠረች ሳለ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት። በክፍሉ ጥግ፣ ልጆቹ ግርግር ሲበዛባቸው የሚያርፉበት በመጋረጃ የተከለለ ምንጣፍ አለ። እዚያ ሄዳ ተቀመጠችና እንባዋ ይወርድ ጀመር።

በቀን ሦስት ቃል ከተናገረች ብዙ የሚባልላት የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪዋ ተነስታ መጋረጃውን ሳበችላት። ከዚያ መምህርቷ ለእሷ ታደርግላት እንደነበረው፣ ሳትነካት፣ ሳትጠይቃት፣ ክንድ ያህል ራቅ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። የልጆቹን ጫጫታ ሰምቶ የመጣው ርዕሰ መምህር መጋረጃውን ሊገልጥ ሲል፣

«ቆይ፤ አልጨረሰችም» አለችው ልጅቷ።

እሱም በአንዷ ትንሽ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ጠበቀ።

በኋላ መምህርቷን ቢሮው ወስዶ ምን እንደሆነች ጠየቃት።

«ደክሞኛል።»

«ዛሬ ነው የጀመረሽ?»

«ዓመት አልፎኛል።»

አንገቱን ደፋ። የሁለት ወር እረፍትም ፈቀደላት።

መምህራኑ እንድታርፍ ብለው ነው መሰል፣ ስልኳ ለሳምንታት ዝም አለ። በአምስተኛው ሳምንት የሒሳብ አስተማሪው በሯን አንኳኳ። ገብቶ ተቀመጠ። እንደ ልማዷ ስለ እሱ ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና ተወችው። ስለ እናቷ የመጨረሻ ወራት አወራችለት፤ ለማንም ነግራው የማታውቀውን። ሁለቴ ሰዓቱን ቢያይም አቋርጧት አልተነሳም። ሲሄድ ተመልሼ እመጣለሁ አላላትም፤ እሷም ና አላለችውም።

እረፍቷን ጨርሳ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። የመምህራኑ ጉዳይ ግን ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ ብላ በጽሑፍ ጠየቀች።