የብረቱ ደም

«መጠጥ ነው እንጂ! ጉበት ያለ መጠጥ እንዲህ አይሆንም» አለች ለቅሶ የመጣች አንዲት ጎረቤት፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ።

የሟቹ እህት ወንበር እየደረደረች ሰማቻት። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ጠብታ ቀምሶ አያውቅም» አለች። «የጉበት ቫይረስ ነው።»

«ውይ፣ አፌን በቆረጠው! ታዲያ ከየት መጣበት?»

መልሱን ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርታለች። ግን እናቷ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አየቻትና ዝም አለች።

ሟቹ በያጅ ነበር። ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል፤ የማንም በር ቢሰበር «ነገ» ማለት አያውቅም። ሐኪሙ ቫይረሱ ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ ማድረጉን የነገረው ቀን እንኳ፣ «እኔ የበየድኩት ሁሉ ጠባሳ አለው፤ ለቆ ግን አያውቅም» ብሎ አስቋታል።

እሷ ግን የሳቀችው ለአፏ ነበር። እንዲህ ካለ ጉበት አንዳንዱ ውሎ አድሮ ካንሰር ያወጣል፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እሷ የምትሠራበት ጥናት የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር፤ እብጠቱ በአልትራሳውንድ ሳይታይ ደም ውስጥ የሚጨምሩ ፕሮቲኖችን። ብረቱን ራሷ ለምና አስገባችው። በየስድስት ወሩ ደም ይሰጣል፤ ብልቃጡ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ውጤቱም ለታማሚ አይነገርም፤ ገና አልተረጋገጠማ። የእሱን ቁጥር የለጠፈችው ግን እሷ ነበረች።

በአራተኛው ጊዜ ሦስት ፕሮቲኖች አብረው ጨመሩ። ወረቀቱን ይዛ ወደ ዋናው ሐኪም ሮጠች።

«አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» አላት። «እንዲህ ጨምሮባቸው ምንም ያልሆኑ ስንት አሉ! ባልተረጋገጠ ነገር ሰው አታስደንግጪ።»

እውነቱን ነበር። ስትወጣ ብረቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጥቁር እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«እሺ የኔ ዶክተር፣ ደሜ ምን ይላል?»

ዶክተር አልነበረችም። እሱ ግን ተማሪ ከሆነች ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«ደህና ነው» አለችው።

ስድስት ወር ሲሞላ አልትራሳውንዱ ላይ የታየው እብጠት ብርቱካን ያህል ነበር። ለቀዶ ጥገናም ለመድኃኒትም አልመች አለ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ብረቱ የተባለው ሰው፣ እህቱ ብቻዋን አቅፋ ከአልጋ ወደ ወንበር የምታዛውረው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናቷ እጇን ይዛ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

«ቀድሞ ቢታወቅ ይድን ነበር ይላሉ። እውነት ነው?»

«አንዳንዴ፣ እማዬ።»

«ታዲያ የእሱ አልታወቀም?»

ሦስት ቀን የደበቀችው ወጣ። «እኔ… ጠርጥሬ ነበር። ደሙን አይቼ ደህና ነው አልኩት። ሌላ ቦታ ሄደህ በደንብ ተመርመር ብዬው ቢሆን…» መጨረስ አልቻለችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች።

እናቷ አልተቆጣቻትም። አላጽናናቻትምም። አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠችና፣

«እኔስ?» አለች። «ቅድም ከየት መጣበት ስትባይ እኔን አይተሽ ዝም አልሽ። ስወልደው ከእኔ ነው የወሰደው፣ አይደል?»

«አይደለም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቀላል ነበር፤ «ደህና ነው» እንደ ማለት። ዋጠችው።

«ሊሆን ይችላል እማዬ። በምን ታውቂ ነበር? ያኔ ማን መረመረሽ? አሁን ግን መመርመር አለብሽ።»

«አንቺስ?»

«ተመርምሬያለሁ። እኔን አልፎኛል።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ጠዋት ጎረቤቷ ያስገባችላት ሻይ ኮመዲኖው ላይ ነበር፤ ሁለቴ ፉት ብላ ትታዋለች። እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን ከልጇ አራቀችው፤ እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋችው።

እህቱ «በብርጭቆ አይተላለፍም» ልትል ነበር፤ ተወችው። ተነሥታ ብርጭቆውን አነሣች። እናቷ አፏን ያሳረፈችበትን ጠርዝ ፈልጋ፣ የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።