የጋሽ ሾፌር ጠመንጃ

"በቃ፣ አንቺም ገራም ሆንሽ!" አሉ ጋሽ ሾፌር፣ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ የታሰረውን ባዶ ጠመንጃ እንደ ሰው እያናገሩ። ጣታቸው ምላጩን ነካ ከማድረጉ ቀጭ አለ። ደግመው አቀባበሉ፤ ደግመው ነኩት፤ ቀጭ። ከምላጩ ሞላ ተቆርጣ ወለሉ ላይ የወደቀችውን ሽቦ በጫማቸው ገፋ አድርገው ለብቻቸው ሳቁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰፈሩ ጋሽ ሾፌር ማለቱን አልተወም፤ እሳቸውም ሾፌርነቱን አልተዉትም። ለእሳቸው በእግር የሚረገጥም በእጅ የሚሳብም ነገር ሁሉ የመኪና ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ከከበደ ሞላውን ታላላለህ፣ ቅባት ታጠጣዋለህ፣ ነገሩ አለቀ። የጠመንጃ ምላጭስ ከዚህ በምን ይለያል?

ጠመንጃው የልጃቸው ስጦታ ነበር። ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት። የዱር አሳማ መንጋ የአባቷን የድንች ማሳ እየገለበጠ መከራ ሲያበላቸው፣ ፈቃዱን ራሷ ተመላልሳ አስጨርሳ፣ አቅሟ የቻለውን ጠመንጃ ገዝታ በአንሶላ ጠቅልላ አመጣችላቸው። ያን ቀን ጋሽ ሾፌር ግንባሯን ደጋግመው ሳሙ።

ታዲያ ርካሽ ዕቃ ነውና ምላጩ ደረቅ ነበር። ሲስቡት ይንገራገጫል። ጨክነው ሲጎትቱት ደግሞ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄድና ጥይቱ አሳማውን ትቶ አጥሩን ያገኛል። ልጅቱም አብራቸው ማሳ ወጥታ ይህን አይታለች። የመሰላት ግን ሌላ ነው።

"አባዬ፣ ዓይንህ ደክሟል።"

"ሊሆን ይችላል፣ ልጄ።"

"ሊሆን ይችላል ብሎ ነገር የለም! ያ ምስኪን አጥር ምን አደረገህ?"

የጋሽ ሾፌር ዓይን እንኳን አሳማ፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ ያነባል። ነገር ግን ስጦታሽ እንከን አለው ከማለት ዕውር መባሉን መረጡ። ዕቃ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ሞላውን የቆረጡትም ለዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ስትመጣ፣ "ዛሬ ጉድ ታያለሽ" አሏት።

"አጥሩስ ይህን ሰምቷል?" አለችና ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻቸው።

ማሳው ዳር ሲደርሱ ጋሽ ሾፌር ቆሙ። አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ ጥይት የሚያጎርሱት አፈሙዙን ከሰው አርቀው ወደ መሬት ደፍተው ነው። እንደዚያው አደረጉ። ጥይቱን አጎረሱ፣ መዝጊያውን ገፍተው ዘጉ። ጣታቸው ምላጩ አጠገብ እንኳን አልደረሰም ነበር።

ጠመንጃው በራሱ ጊዜ ጮኸ።

ወፎቹ ከዛፉ ግር ብለው ተነሱ። ጭቃው ተፈናጥሮ የልጅቱን ቦቲ እስከ ጉልበቷ አለበሰው።

"ተመታሽ?"

"አልተመታሁም! አንተስ?"

"እግርሽን አሳዪኝ! አሳዪኝ ስልሽ!"

"አባዬ፣ ጭቃ ነው። እየው፣ ጭቃ ብቻ ነው።"

ጋሽ ሾፌር ጠመንጃውን ከፍተው ባዶ መሆኑን አይተው ሳር ላይ አስተኙት። ከዚያ እግሯ ሥር ቁጭ አሉ። በጃኬታቸው እጅጌ ጭቃውን ከቦቲዋ ላይ ይጠርጉ ጀመር። "ተመስገን" ይላሉ፣ ይጠርጋሉ፤ "ተመስገን" ይላሉ፣ ይጠርጋሉ። የጸዳውንም መልሰው ይጠርጉታል።

"እጅህ አዳልጦህ ነው፣ ያጋጥማል" አለች ልጅቱ፣ እንዳይሸማቀቁ ብላ።

ጋሽ ሾፌርን እውነቱን ሊነግሯት ቃጣቸው። ዋጡት።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ግድ መታየት አለበት ብላ ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደቻቸው። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው። ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም አረጋገጠ፣ አቀባበለና ሰደፉን በላስቲክ መዶሻ መታ አደረገው።

ቀጭ!

"ወይ ጉድ! ይሄ እኮ ሰው ሲያስነጥስም ይተኩሳል" አለ። ከዚያ የገዛሁት እኔ ነኝ ወዳለችው ልጅ ዞሮ፣ "የኔ እህት፣ ርካሽ ሲገዙ እንዲህ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ይሆናል።"

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኛ እንግዲህ" አለች ድምፅዋ እየተቆረጠ። "በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር፣ አባዬ።"

አሁን ግን የሚዋጥ አልሆነም።

"አይደለሽም! ሞላውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ደረቀብኛ! አጥሩን ስደበድብ የከረምኩትም ለሱ ነው።"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

"ስጦታሽን ማማት መሰለኝ፣ እናቴ።"

ልጅቱ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ። "እኔ እኮ የአባቴን ዓይን አድንልኝ እያልኩ ስጸልይ ነው የሰነበትኩት!"

"ይኸው ተሰምቶልሻል። ዓይኔ ደህና ነው።"

ጠጋኙ ሳቁን እየታገለ፣ "ጋሼ፣ ፍሪሲዮን መሰለዎት እንዴ?" አለ።

"መሰለኝ።"

"ፍሪሲዮን ቢበላሽ ተሳፋሪ ይሰድብዎታል። ይሄ ግን የሚተፋው ስድብ አይደለም።"

ጠጋኙ የተቆረጠውን ሞላ አውጥቶ ጣለና ለዚያው ጠመንጃ የተሠራ አዲስ አስገባ። ሲስቡት የሚንገራገጨው ለካ የሚፋተጉት ብረቶች ሻካራ ስለሆኑ ነበር። እነሱን በትዕግሥት አለሰለሰ፤ ትንሽ ይሠራል፣ ይለካል፣ ደግሞ ትንሽ ይሠራል። ጨርሶ ሲገጥመው ሰደፉን በመዶሻው ከላይም ከጎንም ደበደበው። ጠመንጃው ጭጭ አለ። ጋሽ ሾፌር ሲስቡት ደግሞ ምላጩ ሳይንገራገጭ ሄዶ በቦታው ለቀቀ።

"ብረቱ ደህና ብረት ነው" አለ ጠጋኙ። "የገዛው ሰው አልተታለለም።"

ልጅቱ ቀና አለች። ጋሽ ሾፌር ይህን ሲያዩ የጠጋኙን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። እኔም ሆንኩ እሷ በሕይወት መጥተን ይህን ለመስማት በቃን" አሉት።

"ኧረ ምን አደረግኩና" አለ ጠጋኙ አፍሮ። ቶሎ ብሎም ካቻቢቴውን አነሳ። "አንድ ነገር ይቀራል። ይቺ ብሎን የምላጩን ክብደት ትወስናለች፤ ትንሽ ቀለል ላድርጋት ወይስ እንዲህ ጠንከር ትበል? ቀለል ብትልም አታሰጋም፤ ዒላማ ላይ እንዲያውም ትመችዎታለች።"

ጋሽ ሾፌር ምላጩን አንዴ ሳቡ። ጠንከር ይላል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ የጃኬታቸውን ኮሌታ ታስተካክላለች።

"ጠንከር ትበል" አሉ። "ከጎኔ የምትሄድ ልጅ አለችኝ።"