አክስቴ አክሲዮን ልትገዛ የሄደች ቀን

አክስቴ ችግኝ ሻጭ ናት። ባልዲ ስትሸከም ወገቧ ስላለቀ፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በሙሉ አክሲዮን ገዝታበት ቁጭ ብላ ልትበላ አሰበች። የመረጠችው ድርጅት ከሳሙና እስከ ሲሚንቶ የማይሠራው ነገር የለም። ማስታወቂያው ላይ ግን የሚታየው «አረንጓዴ ነን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ቅጠል፣ ቢራቢሮና የሚስቅ ሕፃን ብቻ ነው።

«ዛፍ የሚወድ ሰው አይከዳኝም» አለች።

«ሰው አይደለም እኮ፣ ድርጅት ነው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ ብቻ ነው ያደገው።»

ምላሴን ይዤ ተከተልኳት። የፋብሪካው በር ላይ ግራና ቀኝ ችግኝ በመስመር ተተክሏል። ክራባት ያሰረ አክሲዮን ሻጭ እየተሽቆጠቆጠ ተቀበለን።

አክስቴ አመል አለባት፤ ችግኝ አይታ ሳትነካካ አታልፍም። አንዱን ጠውላጋ ሥር መስደዱን ልታይ ሳብ ስታደርገው ከነተፈላበት ጥቁር ላስቲኩ ተመዞ እጇ ላይ ቀረ። ደንግጣ ልትመልሰው ስትታገል ጎረቤቱም ወደቀ። እሱም ከነላስቲኩ። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

«ሠራተኞቹ ቸኩለው ነው» አለ ባለ ክራባቱ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

«ይሁን። እስኪ ጓሮውን አሳየኝ።»

«ጓሮው ለእንግዳ አይፈቀድም፣ እናቴ።»

«የምን እንግዳ? ልገዛችሁ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

መልስ ሳትጠብቅ በውጭ በኩል አጥሩን ይዛ ዞረች። ከግንቡ ሥር የወጣ ወፍራም ቱቦ ከጀርባ የሚያልፈው ወንዝ ላይ ፍሳሽ ይተፋል። ወንዙ አረፋ ደፍቋል፤ ዳር ዳሩ ላይ አንድ ሣር የለም። ሽታውማ አይነሳ።

«አየሽ፣ አልዋሹም» አልኳት። «ውሃው ራሱ አረንጓዴ ነው።»

አልሳቀችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ «እኔ እኮ ማረፍ ነበር የፈለግኩት» አለች። 

ስንመለስ ባለ ክራባቱ እስክሪብቶ ይዞ ይጠብቃል። «ስምዎን ልመዝግብ?»

«ስሜ ይቆይህ። መቆፈሪያ አምጣ።»

አመጣ። ከዚያ ጃኬቱን አስወልቃ፣ ላስቲኩን አስቀድዳ፣ ችግኞቹን እንደ አዲስ አስተከለችው። ጨርሶ ሲነሳ ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነበር፤ ደግነቱ እሱም ይስቃል።

«ታዲያ አክሲዮኑስ?» አላት።

«ቱቦውን ድፈኑና እንነጋገራለን።»

በሳምንቱ በዚያው ገንዘብ የውሃ ፓምፕና ጋሪ ገዛች፤ ወገቧም አረፈ። ጋሪውን የሚገፋ ሰው ግን አልቀጠረችም። ምላሷ የረዘመ ጉልበትም አያንሳትም ብላ እኔኑ መደበችኝ።