የሚካኤል ጽዋና የበላይነሽ አፍ

በላይነሽ የዚያን ዕለት አፏን ለሚካኤል ሰጥታዋለች። «ጽዋውን እስክቀበል አንዲት ክፉ ቃል አይወጣኝም» ብላ ነው ከቤቷ የወጣችው። ለሷ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ቆቦ መኪና መንገዱ ዳር አረቄ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የሰከረ ሾፌር አሳላፊዋን ብርቱካንን ሲጎነትል ሰባት ቤቱን አንስታ ካልሰደበች ማን ያስጥልላታል?

ግን ስለት አለባት። ልጇ አንዷለም በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳውዲ ሲሻገር ድምፁ የጠፋ ጊዜ፣ «ድምፁን ብቻ አሰማኝ፣ የኅዳር ዝክርህን እኔ እደግሳለሁ» ብላ ተስላለች። ልጁ ደወለ። የሚካኤል ማኅበራቸው ጽዋ በየወሩ ከባለተራ ወደ ባለተራ ይዞራል፤ የሟች እናቷን ቦታ ስለተካች የኅዳሩ ተራ የሷ ነው። ጽዋውን ካልሰጧት ግን ስለቷ በምን ይደርሳል?

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት የወሩ ባለተራ ደምሴ ቤት ተሰበሰቡ። ቄሱ ጠላውን ባረኩ፣ ጽዋው ዞረ፣ ሁሉም ተሳልሞ ጠጣ። የደምሴ ሚስት ታማለችና ጠላውን የጠመቀችው ማን ሆነና? በላይነሽ! ሲጠጣ ማንም አልተጸየፈም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ወልደ ሚካኤል ግን ጢሙን ጠርጎ ተነሣ። «የኅዳሩ ጽዋ ለበላይነሽ አይሰጥም። ስድብ የሚዘንብበት አረቄ ቤት ጽዋ አይገባም» አለ።

«ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ ጠላዬን እኮ አሁን ጠጡት።»

«ጠላ ሌላ፣ አረቄ ሌላ!»

ወይ ጉድ! ይህ ሰውዬ በጓሮ በር እየገባ፣ «ለሆዴ ነው» እያለ አረቄዋን ሲገለብጥ የኖረ ነው። ጽዋውን ሊከለክላት እንዳሰበ ወሬው ቀድሞ የደረሳት ጎረቤቷ ዚነት፣ «ወላሂ አትገቡኝም! እኛ አንቀምሰውም፣ አለቀ። ጠጥቶ ጠማቂዋን መጸየፍ ደግሞ የምን ሃይማኖት ነው?» ብላት ነበር። በላይነሽ ደሟ ፈላ። የጓሮው በር ነገር ምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ እንደ ኮሶ ዋጠችው።

«ስለት አለብኝ» አለች። «ሚካኤል የሰማኝን እናንተ የማትሰሙኝ ምን ስለሆናችሁ ነው?»

«ተራዋ ነው፣ ስጣት» አሉ ቄሱ።

ደምሴ ጽዋውን ይዞ እጁን ሲዘረጋ ወልደ ሚካኤል በመሃል ገባ። «ለማን ነው የምትሰጠው? ለዚች የሸርሙጣ ልጅ?»

የሸርሙጣ ልጅ! እናቷ አበበች ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ ያን ጽዋ ራሱን ገዝታ ያስገባች እሷ ናት። አፈር የገባችን ሴት፣ በገዛ ጽዋዋ ፊት! ሁሉም የበላይነሽን አፍ አየ። ያ ቆቦ የሚያውቀው ስድብ ቢወርድ ማን ይፈርድባታል? ወልደ ሚካኤልም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቃል ካመለጣት «አላልኳችሁም?» ሊል።

እሷ ግን ነጠላዋን ዘረጋች። ጽዋውን ከደምሴ እጅ ተቀብላ ተሳለመችው። እንባዋ የንዴት ነው።

«ኅዳር አሥራ ሁለት እቤቴ ኑልኝ» አለች። በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እርስዎም ይምጡ፣ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። ብቻ እንደለመዱት በጓሮ እንዳይሆን፤ የዚያን ቀን በፊት በር ይግቡ።»