መምሬ ያልገቡበት ቤት

ካሤ ውሻውን ወደ ቤት ያስገባው ጅብ ጆሮውን ከቀደደው በኋላ ነው። መከታ ይባላል። በጉብዝናው ጊዜ ከሰቆጣ ዳር እስከ ወንዙ ያለውን ሰፈር ሁሉ ያስፈራ ነበር፤ አሁን ጥርሱ አልቆ እንጀራው በውሃ ካልራሰለት አይበላም። ውጭ ካደረ እንደማይነጋለት ካሤ ያውቃል።

ያም ሆኖ ውሻ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ሲያድር በአገሩ አልታየም። ድመት ሌላ ናት፤ ምድጃ ዳር ተጋድማ ብታንኮራፋ ማንም ምንም አይላትም። የውሻ ቦታ ደጅ ነው። ሚስቱ ጸሐይነሽ በሕይወት ሳለች መከታ አፍንጫውን በበሩ ካሾለከ በማማሰያ ነበር የምታባርረው።

ጸሐይነሽ ከሞተች፣ ልጃቸው አምሳለም ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ግን እቤት ውስጥ በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ የሚያወራው ሰው ጠፋ። ከውሻው ጋር ያወራ ጀመር።

አምሳለ ስትደውል ውሻውን ቤት ማስገባቱን ነገራት።

«እሰይ አባዬ! እኔ ያለሁበት ቤት እኮ ውሻው የራሱ ክፍል አለው። በሻምፖ የማጥበው እኔ ነኝ።»

«በሻምፖ? ኧረ በሥላሴ! እኔ ራሴ ታጥቤበት አላውቅ።»

ሳቀች። «መጀመሪያ እጸየፈው ነበር» አለች። «አንድ ቀን ሳለቅስ መጥቶ እጄን ላሰኝ። እዚህ ከመጣሁ እጄን የነካኝ እሱ ብቻ ነው።»

ካሤ «እመቤቴ ትጠብቅሽ» አለ።

በየወሩ፣ በሚካኤል ማግስት፣ የነፍስ አባቱ መምሬ መንግሥቴ መጥተው ጸሎት አድርሰው ቤቱን ጸበል ይረጩለታል። ያን ደጃፍ የሚረግጥ ሌላ እንግዳ የለም። በዚያ ወርም መጡ። ገና አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ቆሙ።

«ካሤ! መደቡ ሥር የተጋደመው ምንድን ነው?»

«መከታ ነው አባቴ።»

«መሆኑንማ አየሁ። እንደ ሙሽራ ከጓዳ ታስገባው ጀመር? አውጣው!»

«ጅብ ይበላብኛል። ለጸሎቱ ያህል ላውጣው።»

«ሲያድርበት ከርሞ ለጸሎት ቢወጣ ምን ሊረባ?»

«ድመቷስ ትገባ የለ? ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤተ ልሔም ውስጥ እንኳ አለች።»

«ድመት አይጥ ትይዛለች!»

«እሱም ጅብ ያባርር ነበር።»

«ነበር!» አሉ መምሬ። «እሱ እዚህ እስካደረ እኔ አልገባም።»

ጸበሉን ከነጠርሙሱ ይዘው ተመለሱ። ካሤ ዳገቱን እስኪያልፉ ቆሞ አያቸው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ግን ከቅጥሩ አልገባም። ነጠላውን ተከናንቦ ከድንጋዩ አጥር ውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ሕዝቡ ሲበተን መምሬ አይተውት መጡ።

«ምነው ከውጭ? ታመሃል?»

«እኔም እዚያው ቤት ነው የማድረው አባቴ። ቤቱ ለእርስዎ ካልሆነ፣ እኔስ ለዚህ ቅጥር እንዴት እሆናለሁ ብዬ ነው።»

«አንተ ሰው! ያልኩት ስለ ውሻው አይደለም እንዴ? አንተን ማን አትግባ አለህ?»

«ውሻውማ መቅረትዎን መች አወቀው? ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ።»

መምሬ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አኑረው ባረኩትና፣ «ሁለተኛ ከውጭ እንዳላይህ» ብለውት ሄዱ። ስለ ውሻው ግን አንዳች አልተነፈሱም።

በወሩ፣ በሚካኤል ማግስት፣ ካሤ ቤቱን ጠርጎ ዋለ። ይምጡ አይምጡ አያውቅም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከደጅ ሳል ሰማ። መምሬ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይግቡ አባቴ።»

«እዚሁ ይበቃኛል።»

ከመድረኩ ሳያልፉ ጸሎቱን አደረሱ። ካሤ ከውስጥ፣ መደቡ አጠገብ ቆሞ «አሜን» ይላል። መከታ እግሩ ሥር ተኝቷል። መምሬ ጸበሉን ሲረጩ በሩ ሥር ያለውን አፈር አራሰ እንጂ ካሤ ጋ አልደረሰም። ቢጠጋ ይደርሰው ነበር። ውሻውን ትቶ መጠጋት አልሆነለትም፤ ባለበት አንገቱን ደፋ።

መምሬ ይህን አዩ። ጸበሉን በእፍኛቸው ሞሉና ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ዘርግተው፣ አርቀው ወረወሩት።