በመንገድ በኩል ያለው መስኮት

አላርም ገጣሚው ዘርዓብሩክ የመስኮቱን ሴንሰር ክዳን በጥፍሩ ፈልቅቆ ባትሪውን መዳፉ ላይ ጣለው። ወይዘሮ ብርኽቲ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«ይኸኛውም ሞተ?»

«ገና እያየሁት ነው፣ እማማ።»

ውቤ በረሃ ወዳለው ወደዚህ አሮጌ ቤት ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነው። በመንገድ በኩል ያለው መስኮት ሳይከፈት አላርሙ ይጮሃል። መጀመሪያ ባትሪውን ቀየረ። ቀጥሎ ሴንሰሩን ራሱን አውጥቶ አዲስ ለጠፈ፤ አዲሱም ሦስት ሳምንት አልቆየም። የሌሎቹ ሦስት መስኮቶች ሴንሰሮች ግን አንድ ቀን አስቸግረው አያውቁም።

«አሁን ሌባ ቢመጣ ጎረቤቱ ‹የብርኽቲ መስኮት ነው› ብሎ ሻዩን ይጠጣል» አሉ።

ዘርዓብሩክ ፈገግ አለ። እሳቸው አልሳቁም። ልጃቸው ኢየሩስ ትናንት ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ አላርሙ ዛሬ ካልተስተካከለ ቅዳሜ ሰሚት ወዳለው ቤቷ ትወስዳቸዋለች፣ ይህ ቤት ይከራያል።

«አርባ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። አንዴ ከወጣሁ የሚመልሰኝ የለም።»

ባትሪው የሚነካቸው ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ውሃ ነው። ወሩ ግን ጥር ነው። ዘርዓብሩክ ጣሪያውን አየ፤ ደረቅ ነው። የመስኮቱን ውጭ በጣቱ ዳበሰ፤ አቧራ። ውስጡን ሲዳብስ ጣቱ ረጠበ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ውሃ ይነካል?»

ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ጠዋት ጠዋት ጠበል እረጫለሁ። ቤቱን ሁሉ። እዚያ ግን ሦስት ጊዜ።»

«ለምን እዚያ?»

«ሌቦቹ በዚያ ነዋ የገቡት። ባሌን ገብረአብን ሥላሴ ቀብረን ስንመለስ ተከፍቶ አገኘነው። ልብሱን ሳይቀር ወስደዋል።»

ለኢየሩስ «እናትሽ ውሃ እየረጩበት ነው» ቢላት ነገሩ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። እሳቸውን «ይተዉት» ለማለትም አፉ እምቢ አለው።

«እስቲ እንደ ጠዋቱ አድርገው ይርጩልኝ።»

«አሁን? ምሳ በልቼ?»

«እንግዲያው በቧንቧ ውሃ።»

በኩባያ ውሃ ቀድተው መጡና በእጃቸው ሦስት ጊዜ ረጩ። ዘርዓብሩክ ከሁሉ ከፍ ያለችው ጠብታ ያረፈችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በመስኮቱ ፍሬም፣ በቴላዮው፣ የላይኛው ማዕዘን፣ ሌላ ሴንሰር በካቻቢቴ በብሎን አሰረ፤ የሴንሰሩን ጥንድ ማግኔትም ከመዝጊያው ላይ ትይዩ አድርጎ ገጠመ። መስኮቱን አሥር ጊዜ ከፈተ፣ አሥር ጊዜ ዘጋ። መከፈት መዘጋቱን የሚያሳየው ስልኩ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። እንደገና ይርጩ አላቸው። ረጩ። ሴንሰሩ ጋ አልደረሰም።

ኢየሩስ ደወለች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ርጥበት ገብቶበት። ያለቦታው ሰቅዬው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ወደ ላይ አወጣሁት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ።»

«እሺ። ቅዳሜ ለምሳ ብቻ እመጣለሁ በልልኝ።»

ነገራቸው። ወይዘሮ ብርኽቲ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርቅ አምጥተው የመስኮቱን ደፍ አደረቁ። ከዚያ ኩባያውን አለቀለቁና መደርደሪያው ላይ ደፉት።